በረኪናው እንዳይደክም፣ መርፌው እንዳይቀረቀር

ሩት ካናል፣ ማለትም የጥርስ ስር ውስጥ ሕክምና፣ ሲሠራ ፋይሉ (ቀጭኗ መፋቂያ) የቦዩን፣ ማለትም በስሩ ውስጥ ያለውን ቀጭን ቀዳዳ፣ ግድግዳ ሁሉ አይነካም። በየጥጉ የቀረውን የሞተ ሥጋ የሚያሟሟውና ጀርሙን የሚገድለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ማለትም በረኪና ነው። ግን ሕያው ሥጋንም አይምርም፤ ከጥርሱ ስር ጫፍ አልፎ ከወጣ ያቃጥላል።

ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ ይታከልበታል። በረኪና በሙቀትና በብርሃን ጉልበቱን ያጣል፤ ደጋ ላይ ሐረር ጓዳ ውስጥ የከረመው ድሬ መስኮት ላይ ከከረመው ይሻላል። የደከመ ፈሳሽ አልሠራ ሲል ደግሞ እጅ ሲሪንጁን በኃይል ወደ መግፋት ይሄዳል፤ ትልቁ አደጋ ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ መግዛት፣ ብርሃን በማያስገባ ጠርሙስ ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ፣ የተከፈተበትን ቀን መጻፍ፣ የዕለቱን ብቻ መበረዝ። 5 በመቶ የሆነው እኩል የተጣራ ውሃ ሲገባበት 2.5 ይሆናል፤ አንድ እጁ በአራት እጅ ውሃ ሲበረዝ 1 በመቶ። ትኩስ ሆኖ ቶሎ ቶሎ ከተቀየረ ቀጭኑም ይሠራል። ሽቶ የገባበትን ወይም በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጠውን ለጥርስ አንጠቀም፤ ስንት በመቶ እንደሆነ አይታወቅም።

መርፌው ጎኑ የተከፈተ፣ 30 ጌጅ (በጣም ቀጭን) ይሁን። ከቦዩ ርዝመት 2 ሚሊ ሜትር አሳጥሮ በጎማ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። ሲሪንጁ በአውራ ጣት ሳይሆን በሌባ ጣት ቀስ ተብሎ ይገፋል፤ መርፌው ከፍ ዝቅ እያለ። ከተቀረቀረ መግፋት ክልክል ነው፣ ወደ ላይ ይሳብ። ፈሳሹ ወደ አፍ በኩል ሲመለስ መታየት አለበት። ጫፉ ያልተዘጋ የልጅ ጥርስና የተበሳ ስር የባሰ ጥንቃቄ ይሻሉ። ማደንዘዣውም በረኪናውም ሲሪንጅ ውስጥ ሲታዩ ውሃ ስለሚመስሉ ባለቀለም ፕላስተር ይለጠፍባቸው።

ክሎርሄክሲዲን (ሌላ ጀርም ገዳይ ፈሳሽ) በበረኪና ላይ ሲጨመር ቡናማ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ በመሃል ቦዩ በሳላይን (በንጹህ የጨው ውሃ) ታጥቦ በቀጭን የወረቀት እንጨት ይድረቅ። ፋይሉ ግድግዳው ላይ የሚያስቀረውን ዱቄት የሚያነሳው ፈሳሽ፣ 17 በመቶው ኢዲቲኤ፣ መጨረሻ ላይ ለ1 ደቂቃ ይበቃዋል።

ጥርሱ ደንዝዞም ድንገት የሚወጋ ሕመም ከመጣ፣ ፊቱ በደቂቃዎች ካበጠ፣ ከቦዩ ደም ከፈሰሰ ፈሳሹ አልፏል ማለት ነው። ወዲያው ማቆም፣ በሳላይን ያለ ግፊት ማጠብ፣ ማደንዘዣና የሕመም መድኃኒት መስጠት፣ የመጀመሪያውን ቀን በረዶ እያሳረፉ መያዝ፣ ከማግስቱ ጀምሮ ሞቅ ያለ ፎጣ። መተንፈስ ወይም መዋጥ ከከበደ ሳይውል ሳያድር ድልጮራ ሆስፒታል፣ ሐረር ከሆነ ሕይወት ፋና ሆስፒታል። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በብዙ ውሃ ይታጠብ።

ታካሚ ሆይ፣ ጥርስህን የሚለየው የጎማ ሽፋን እንዲደረግልህ ጠይቅ። በረኪና በረኪና ካለህ ወይም ካቃጠለህ አትቻለው፤ እጅህን አንሳ።