ክርስትናው ሶልት ሌክ፣ እኛ ፍሪስኮ

ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በአርባ ቀኑ ነው፣ ይቺ ደግሞ ወደ ሚቀጥለው ሳምንት የምትገፋ ቀጠሮ አይደለችም። የባለቤቴ ታናሽ እህት ሶልት ሌክ ሲቲ ወንድ ልጅ ተገላገለችና የክርስትና አባቱ አንተ ነህ ስባል ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ፣ ካላንደር አውጥተን ስንቆጥር አርባው የሚውለው እሁድ ሆነ፣ ጥር መግቢያ፣ ያውም የማርቲን ሉተር ኪንግ ረጅም ዊኬንድ ላይ። ኮሎራዶ የሚኖር ሰው እዚህ ጋ ገብቶታል። ላልገባው፣ በዛ ዊኬንድ ዴንቨር ውስጥ ስኪ፣ የበረዶ መንሸራተቻ ማለት ነው፣ ያለው ሰው በሙሉ ወደ ተራራው በሚወጣው አውራ ጎዳና፣ አይ-70 ላይ ነው የሚውለው።

እኛ ከምንኖርባት ከኦሮራ፣ ዴንቨር አጠገብ ናት፣ ሶልት ሌክ ለመሄድ ሁለት መንገድ አለ፣ ሁለቱም 520 ማይል ገደማ፣ በደህና ቀን የስምንት ሰዓት ጉዞ። አንዱ በፎርት ኮሊንስ አድርጎ ላራሚ ይወጣና አይ-80ን ይዞ በዋዮሚንግ ነው። እዛ ያለው ችግር ነፋስ ነው። ከላራሚ እስከ ራውሊንስ ኤልክ ማውንቴን የሚባለው አካባቢ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አዲስ በረዶ ሳይጥል፣ ነፋሱ መሬት ላይ ያደረውን አንስቶ መንገዱን ያለብስልሃል፣ የኮፈንህን ጫፍ እንኳን አታየውም። ሲዘጉት ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም የሚዘጉት፣ ራውሊንስ ፓርኪንጉ በትራክ ከሞላ ከሱ በፊት ያለውን ከተማ ላይ ያስቆሙሃል፣ እሱም ሲሞላ ከዛ በፊት ያለውን፣ እንደዛ እያለ ወደ ኋላ ይመጣል። አርብ ማታ የመንገዱን ካርታ ስከፍት ያ ሁሉ ቀይ ነበር። ባለቤቴ አውሮፕላን እንይ አለች፣ አየን፣ ለሦስት ሰው 1,140 ዶላር። ዘጋነው። ስለዚህ የቀረው ተራራው ነው፣ አይ-70።

ሦስተኛዋ ሰው የባለቤቴ አክስት ናቸው፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው፣ ከደብረ ብርሃን ከመጡ ስድስት ወራቸው ነው።

የራሴን ጥፋት ከመንገዱ በፊት ልናገር። አርብ ከስራ ስወጣ ጎማ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ኮሎራዶ ከመስከረም እስከ ግንቦት አይ-70 ላይ፣ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው ተራራ፣ የጎማ ጥርስ ቢያንስ የኢንች 3/16 መሆን አለበት የሚል ህግ አለው፣ ጎማ ቤቶቹ ኢንቹን ለ32 ከፍለው በሚለኩበት ቁጥር 6 ማለት ነው። ልጁ መለኪያዋን ሰካ ሰካ አደረገና “የፊቶቹ 6፣ የኋላዎቹ 5” አለኝ። አራቱንም ለመቀየር 780 ዶላር። እኔ ደግሞ አገር ቤት ደሴ መንገድ ላይ አይሱዙ ነድቻለሁ፣ አዎ ያንን አል ቃይዳ የሚሉትን አይሱዙ፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ሌሊት የወጣሁ ሰው ነኝ፣ መኪናዬም አራቱም ጎማዋ ይጎትታል፣ አንድ ቁጥር ምን ታመጣለች ብዬ ከክርስትናው በኋላ እመለሳለሁ አልኩት። ጎማ ላይ የሚታሰር የበረዶ ሰንሰለት ከያዝክ ህጉ ይፈቅድልሃል አለኝ፣ የኔ ሳይዝ ግን እሱ ጋ አልቋል።

እቅዴ ስኪ የሚሄዱት ሳይነሱ ተራራውን ማለፍ ነበር። ማታ ለእትዬ “በአራት እንወጣለን” አልኳቸው። “ጥሩ” አሉ። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ፣ በፈረንጅ አራት ማለት ነው፣ ጃኬቴን ለብሼ በራቸውን ሳንኳኳ ድብን ያለ እንቅልፍ ላይ ናቸው። “አራት አላልክም እንዴ ልጄ? ገና ወፍ አልተንጫጫም!” የሳቸው አራት ረፋድ ነው። ሰባት አመት እዚህ አገር ኖሬ በየትኛው አራት እንደማወራ አላውቅም ማለት ነው። ይባስ ብሎ የድፎው ሊጥ ኩፍ ብሎ እየጠበቀ ነው፣ ሲነጋጋ እጋግራለሁ ብለው ነበር ያደሩት፣ ለአራስ ቤት ባዶ እጅ አይገባም አሉ፣ እንደ ጉድ ልከራከር አልኩና ተውኩት። ዳቦው ወጣ፣ ጸሎቱ ተደረሰ፣ ስንወጣ አስራ ሁለት ከአርባ። ድፎው በጋቢ ተጠቅልሎ እትዬ ጉልበት ላይ፣ ዶሮ ወጡና እንጀራው ኩለር ውስጥ ኋላ።

ፍሎይድ ሂል ጋ ስንደርስ ቀይ መብራት በቀይ መብራት። የመንገዱ ሰሌዳ ላይ የጎማ ህጉ ስራ ላይ ነው ይላል፣ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር የኋላ ጎማዬን በእጄ የምሸፍን ይመስል እጨማደዳለሁ። አይዳሆ ስፕሪንግስ አንድ ሱቅ ገብቼ ሰንሰለት ጠየቅኩ፣ 139 ዶላር! ኦሮራ 60 ምናምን ያየሁት ነው። ለሻጩ የጎማዬን ቁጥር አነበብኩለት፣ ሳጥኑን አየና “ይሄ ይሆንሃል” አለኝ፣ ከፈልኩ። ደረሰኙ ላይ የክረምት እቃ አይመለስም ተብሎ መጻፉን ያየሁት ማታ ነው።

ጆርጅታውን ላይ ማይሏን በሃያ ደቂቃ ሄድናት መሰለኝ። እትዬ በመስኮት እያዩ “አመዳይ ነው እኮ” ይላሉ። እኛ ሁሉንም በረዶ ነው የምንለው፣ ከሰማይ እንደ ጥጥ የሚወርደውንም፣ ጣራ የሚደበድበውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውንም፣ እሳቸው ግን ውርጭ አለ፣ አመዳይ አለ፣ በረዶ አለ። “ዳዊቱስ እሳትና በረዶ፣ አመዳይና ውርጭ ያመስግኑት ይል የለም እንዴ?” አሉ። ፈረንጆቹ ደግሞ ጥቁር በረዶ የሚሉት አላቸው፣ ከውሃ የማይለይ ስስ መስታወት ነገር፣ ድልድይ ላይ ቀድሞ የሚይዘው እሱ ነው፣ ድልድይ ከላይም ከታችም ብርድ ስለሚመታው። እሱን ዳዊትም የሚያውቀው አይመስለኝም አልኳቸው፣ ተቆጡኝ።

ከዛ አይዘንሃወር ተነል። በፈረንጅ 1973 የተከፈተ፣ 1.7 ማይል፣ ከፍታው 11,158 ጫማ፣ በኛ 3,401 ሜትር። ስገባ ጣርማ በር ትዝ አለኝ፣ ጣልያን የቆፈረው ያ አጭሩ ዋሻ፣ እሱም ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ ከፍታው ያን ያህል አይራራቅም። አንዱ ጋ ስትወጣ ጉሙንና ገብስ የሚሸጡ ልጆችን ነው የምታገኘው፣ አንዱ ጋ ነጭ። ነጭ ብቻ። የምድር ወገብ አካባቢ ያለ ተራራና ሰሜን ያለ ተራራ አንድ አይደለም፣ ይሄን ጂኦግራፊ ስንማር ሰምቻለሁ፣ በፍሬን ፔዳል ሲማሩት ግን ሌላ ነው።

ከተነሉ እስከ ሲልቨርቶርን 7 ፐርሰንት ቁልቁለት ነው፣ ፍሬን የበጠሰ ትራክ የሚገባበት የጠጠር መንገድ ሁሉ ተሰርቶለታል። በሰዓት 15 ማይል እየሄድኩ፣ አስራ አምስት! ከፊቴ ያለው ፒካፕ ፍሬን ያዘ፣ እኔም ያዝኩ። ፔዳሉ ከእግሬ ስር ግርርርር እያለ ይመታኛል፣ ጎማው ይያዛል ይለቀቃል፣ መኪናዋ ግን ቀስ ብላ፣ ምንም ሳትቸኩል፣ ትወርዳለች። ድምፅ የለም። የፒካፑን ታርጋ አንድ በአንድ እያነበብኩ ነው የተጠጋሁት። አራት ጎማ መጎተቱ ለመነሳት እንጂ ለመቆም ምንም እንደማይረዳ እዛ ጋ ነው የገባኝ፣ ለመቆም ያለህ ጎማ ብቻ ነው፣ እሱም የኔ 5። ክንድ የማትሞላ ቦታ ቀርታ ቆመች። ከዛ በኋላ አባይ በረሃን በአይሱዙ እንደምንወርደው በማርሽ ያዝኳት፣ ፍሬኑን ሳልነካ። ባለቤቴ እስከ ታች ምንም አላለችም። ባትጮህ ይሻል ነበር ወይስ ብትጮህ፣ እስካሁን አላውቅም።

ፍሪስኮ የምትባለው የተራራ ከተማ ስንደርስ ቀጣዩ የተራራ ማለፊያ፣ ቬይል ፓስ፣ በአደጋ ተዘግቷል ተባለ። በደህና ቀን የሰዓት ተኩል መንገድ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው። ነዳጅ ማደያ ቆመን ጠበቅን። እስኪከፈት ሰንሰለቷን ላልብሳት ብዬ ወረድኩ፣ ጓንት አውልቄ፣ በጓንት መንጠቆውን መያዝ አይቻልም፣ ብረቱ ጣት ላይ ይጣበቃል። ከኋላ ዞርኩ፣ ከውስጥ ያያዝኩት ከውጪ አይደርስም። ጎማውን ትንሽ አንቀሳቀስኩ፣ እንደገና። አይደርስም። በጀርባዬ በረዶ ላይ ተኝቼ እየጎተትኩ ሳለ ከበላዬ “ወንድሜ፣ እሱ እኮ ላንተ ጎማ አይደለም” የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ በአማርኛ።

ከዴንቨር ኤርፖርት ቬይል ሰው የሚያመላልስ የሻትል ሹፌር ነው፣ የጎንደር ልጅ። ሳጥኑን አንስቶ አነበበልኝ፣ አንድ ሳይዝ ያንሳል። መንጠቆው ከቀለበቱ አራት ጣት ነው የቀረው። 139 ዶላር ለአራት ጣት።

አመሻሽ ላይ መንገዱ ተከፈተ ተባለ። ሰልፉ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ የኔም እግር አብሮ ተነሳ። ሰው ሁሉ እየሄደ አይደል እንዴ? ሞተር አስነሳሁ። ልጁ መስኮቱን አንኳኳ። “እኔ ይቺን መንገድ በሳምንት ስድስቴ ነው የምመላለሳት፣ ዛሬ ሰዎቼን ሆቴል አስገብቼ እዚሁ ነው የማድረው” አለኝ። ከዛ ወደ አውራ ጎዳናው እያሳየኝ “ጎማቸውን እየው” አለ። አስፋልቱ እርጥብ ሆኖ ያብለጨልጫል፣ ግን ከጎማዎቹ ስር የሚረጭ ውሃ የለም። “እርጥብ ቢሆን ይረጭ ነበር፣ ጸሀይ ስትገባ ያዘው።” ቬይል ፓስ 10,662 ጫማ ነው፣ እሱን ባልፍ ግሌንዉድ ካንየን አለ፣ ዩታ ስገባ ሌሊት ሶልጀር ሰሚት አለ። ሁሉንም በ5 ጎማና በማትደርስ ሰንሰለት።

ያም ሆኖ አላጠፋሁም ሞተሩን። አስር ደቂቃ ይሆናል እንደዛ የተቀመጥኩት። ለራሴ የምለው እሱ ተሳፋሪ ስለያዘ ነው፣ ኢንሹራንስ ስላለበት ነው፣ እኔ አይሱዙ የነዳሁ ሰው ነኝ ነው። እውነቱን ለመናገር መንገዱ አይደለም ያስጨነቀኝ፣ ደውሎ ፈራሁና ቀረሁ ማለቱ ነው። እትዬ ከኋላ ድፎውን እንዳቀፉ “የክርስትና አባትማ ሌላ ሰው ይቆምለታል” አሉ። “ላንተ ማን ሊቆምልህ ነው? ለእቺ ልጅስ?” ባለቤቴ ቁልፉን አጠፋችው። እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት ያጠፋችው።

ሞቴል ከነታክሱ 318 ዶላር፣ ለአንዲት ክፍል፣ ሁለት አልጋ፣ ማሞቂያው በየአስር ደቂቃው እንደ ወፍጮ ቤት የሚነሳ። እንቅልፍ ብሎ ነገር የለም፣ እኔና ባለቤቴ በከፍታው ራሳችንን አሞን ውሃ ስንጠጣ አደርን። እትዬ ግን ያንኮራፋሉ። ፍሪስኮ 9,097 ጫማ ነው፣ ደብረ ብርሃን ማለት ነው እኮ በቁመት፣ ጠዋት ሲነሱ “ከመጣሁ ገና ዛሬ አየር አገኘሁ” አሉ። ኦሮራ ሲያፍናቸው ነው የከረመው ለካ።

ግን ከዛ በፊት ማታ ዶሮ ወጡን በላነው። ኩለሩ ሌሊቱን መኪና ውስጥ ቢያድር ድንጋይ ነበር የሚሆነው፣ የሻትሉን ልጅ ጠራነው፣ በሞቴሉ ማይክሮዌቭ እያሞቅን፣ እንቁላሉ አንዱ ፈንድቶ ማይክሮዌቩን በሙሉ በርበሬ አለበሰው፣ ድፎውንም ባርከው እትዬ ቆረሱት፣ ኮሪደሩ በሙሉ ዶሮ ዶሮ ሸተተ። ልጁ ቆሞ ነበር የበላው፣ “ከገና ወዲህ የቤት ወጥ አልቀመስኩም” እያለ። አንድ ጎረቤት ፈረንጅ በር ከፍቶ ምንድን ነው አለ፣ እትዬ አንድ ጉርሻ አጎረሱት፣ አይኑ እንባ ሞላ፣ ደግሞ ጠየቀ። በኋላ ካርዴ ላይ 50 ዶላር የጽዳት ተጨምሮ አገኘሁት። አልተከራከርኩም፣ ማይክሮዌቩን አይቼዋለሁ።

እሁድ ንጋት ላይ ስልክ መጣ፣ በቪዲዮ። የኔን ቦታ የያዘው የአባትየው የስራ ባልደረባ ነው፣ ነጠላውን አጣፍቶ ሕፃኑን እንደ ብርጭቆ ይዞታል፣ ሰውየውን አላውቀውም። የልጁ የክርስትና ስም ሲነገር መስመሩ ተቆራረጠ፣ ኋላ እናትየው ቴክስት አድርጋ ነው የላከችልን፣ ኃይለ ሚካኤል። የባለቤቴ እህት አልተቆጣችም፣ “ደህና መሆናችሁ ይበቃል” አለች። ባሏ ግን “እዛ ድረስ ያን ያህል በረዶ አለ እንዴ? እዚህ እኮ ጸሀይ ነው” አለኝ።

ወደ ዴንቨር ስንመለስ ሰማዩ ሰማያዊ፣ አስፋልቱ ደረቅ፣ ጨው ብቻ ነጭ ሆኖ የቀረበት። ከተነሉ ስንወጣ ተራራው ሁሉ በጸሀይ እያበራ ባለቤቴ ስልኳን አውጥታ ቪዲዮ መቅረፅ ጀመረች።

“ያንን እንዳትልኪላቸው” አልኳት።

“ልኬዋለሁ” አለች።