ከቺራድዙሉ የወጣው ልጅ

ባፕቲስቶች በደቡባዊ አፍሪካ በልጆችና በወጣቶች መካከል ስለሠሩት የወንጌል ሥራ ሳነብ ከርሜያለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረው ግን የአንዲት መምህርትና የአንድ ተማሪ ታሪክ ነው። መምህርቷ ኤማ ዲሌኒ ትባላለች። በፍሎሪዳ ያደገች፣ አትላንታ በሚገኘው በስፔልማን የሴቶች ትምህርት ቤት የተማረች ጥቁር አሜሪካዊት ስትሆን፣ በ1902 (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ውቅያኖስ ተሻግራ በብሪታኒያ አገዛዝ ሥር ወደነበረችው፣ በኋላም ኒያሳላንድ ወደተባለችው ወደ ዛሬዋ ማላዊ መጣች፤ በቺራድዙሉ በተቋቋመው ሚስዮንም ሕፃናትንና ሴቶችን ማስተማር ጀመረች። ተማሪው ዳንኤል ማሌኬቡ ነው። በዚያ የቆየችው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነበር። በዚያች አጭር ጊዜ የዘራችው ምን እንደሆነ ግን በሕይወት ሳለች ለማየት አልታደለችም።

እኔ በጆሃንስበርግ በሚገኝ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን በልጆች አገልግሎት ውስጥ አለሁ። አብዛኞቹ ወላጆች ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ የመጡ፣ ከጧት እስከ ማታ ሱቅ ላይ የሚውሉ ሰዎች ናቸው፤ ከአባቶቹም ብዙዎቹ ወደዚህ አገር የገቡት በማላዊ በኩል ነው። ልጆቻቸው አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ሲመልሱ በእንግሊዝኛ ወይም በዙሉ ነው። ለእነዚህ ልጆች የምነግረው የዚህ ምድር የእምነት ታሪክ ስፈልግ ነው ቺራድዙሉን ያገኘሁት፤ ካገኘሁት ወዲህም ከራሴ ጋር መሟገቴን አላቆምሁም።

ሚስዮኑን የመሠረተው ጆን ቺሌምብዌ የአገሩ ተወላጅ ነው። ጆሴፍ ቡዝ የተባለ እንግሊዛዊ ባፕቲስት በ1892 ወደዚያ አገር ሲገባ ወጣቱ ቺሌምብዌ ተጠግቶት አገለገለ፤ በማግስቱም ዓመት በእርሱ እጅ ተጠመቀ። በ1897 አብረው ወደ አሜሪካ ሄዱ። ቺሌምብዌ በቨርጂኒያ፣ ሊንችበርግ በሚገኝ የጥቁሮች የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ተምሮ አገልጋይ ሆኖ ከተሾመ በኋላ በ1900 ተመለሰና የፕሮቪደንስ ኢንዱስትሪያል ሚስዮንን ተከለ። ገንዘቡም ረዳት ሠራተኞቹም የመጡት ከአሜሪካ ጥቁር ባፕቲስቶች ኮንቬንሽን፣ ማለትም ከአብያተ ክርስቲያናቸው ኅብረት፣ ነበር። ይህን ደጋግሜ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሚስዮናዊ ሲባል ብዙዎቻችን በአእምሯችን የምንሥለው ነጭ ሰው ነውና፣ የባርነት ልጆች ወደ አያቶቻቸው ምድር ተመልሰው የምድሪቱን ልጆች ሲያስተምሩ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

በ1912 ገደማ ሚስዮኑ ሰባት ትምህርት ቤቶችና 1,000 የሚደርሱ ተማሪዎች ነበሩት። ትምህርቱ ንባብና ጽሕፈት፣ መጽሐፍ ቅዱስና መዝሙር፣ የእርሻ ሥራና ስፌት ነበር። የቺሌምብዌ ሚስት አይዳም ሴቶችንና ልጃገረዶችን ታስተምር ነበር። ስፌቱ በመጀመሪያ ሳነበው ተራ ነገር መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን በዚያን ዘመን ጥቁር ሰው በነጭ ፊት ባርኔጣውን እንዲያወልቅ በሚገደድበት አገር፣ ንጹሕ ልብስ ሰፍቶ ለብሶ ቀጥ ብሎ መሄድ በራሱ ክብርን መማር ነበር። ቺሌምብዌ ተማሪዎቹና ምእመናኑ በንጽሕና እንዲለብሱ፣ በሥራቸው እንዲተጉና ራሳቸውን እንዲያከብሩ አጥብቆ ያስተምር የነበረው ለዚህ ይመስለኛል።

አጠገባቸው ማጎሜሮ ላይ ሰፊው የብሩስ ቤተሰብ እርሻ ነበር። በዚያ የሰፈሩት ገበሬዎች፣ ብዙዎቹም ከሞዛምቢክ የፈለሱ፣ ለመኖሪያቸው ኪራይ በጉልበታቸው የሚከፍሉበት ታንጋታ የሚባል ሥርዓት ነበር፤ ከእኛ የጭሰኛ ዘመን ጋር የሚመሳሰል ነገር ነው። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ዊልያም ጀርቪስ ሊቪንግስተን ቺሌምብዌ በእርሻው ክልል ያሠራቸውን የጸሎትና የትምህርት ቤቶች አቃጠለ። ልጆች ፊደል የሚቆጥሩበትን የሣር ጎጆ ለማቃጠል አንድን ትልቅ ሰው ምን እንደሚያነሣሣው ብዙ አሰብሁ። መልሱ ከባድ አይደለም፤ ማንበብ የቻለ ልጅ ነገ የሥራ ውሉን ያነባል፣ ሕጉን ይጠይቃል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለልጆች መንገር ያስቸግራል። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ አፍሪካውያን በማያውቁት ጠብ በአገሩ ሰሜን ባለችው ካሮንጋ ላይ ሲሞቱ ቺሌምብዌ ተቃውሞውን ለጋዜጣ ጻፈ፤ እትሙ ግን በሳንሱር ታገደ። ጥር 23 ቀን 1915 ተከታዮቹ በእርሻው ላይ ተነሡ፤ ሊቪንግስተን ተገደለ፤ ራሱም ተቆርጦ በማግስቱ እሑድ ቺሌምብዌ በሰበከበት ቤተ ክርስቲያን ለእይታ ቆመ። ይህን የማለፍ መብት ያለኝ አይመስለኝም። ወንጌልን ከሰበከ አፍ ያ ቀን መውጣቱ ያሳዝነኛል፤ በደሉ እውነተኛ ነበር፣ ግድያው ግን ግድያ ነው። ደግሞ በዚያው ሌሊት ሴቶችና ሕፃናት እንዳይነኩ ትእዛዝ ተሰጥቶ፣ በእጃቸው የገቡት ነጮች ሴቶችና ልጆች ጉዳት ሳይደርስባቸው መለቀቃቸውም የታሪኩ አካል ነው። ቺሌምብዌ የካቲት 3 ቀን ወደ ሞዛምቢክ ሊሻገር ሲል በጥይት ተመታ። መንግሥትም በ1913 የተፈጸመውን ያን የጡብ ቤተ ክርስቲያን በፈንጂ አፈረሰው፤ ሚስዮኑም ተዘጋ።

የቅኝ ግዛቱ ሹማምንት እንዲህ ያሉትን በጥቁሮች የሚመሩ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ «ኢትዮጵያዊ» እያሉ በጥርጣሬ ይከታተሉ ነበር። ስያሜው ማንጌና ሞኮኔ በ1892 ፕሪቶሪያ ላይ ከሜቶዲስቶች ተለይቶ ካቋቋመው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘ ነው፤ እርሱም ኢትዮጵያ እጆቿን ስለመዘርጋቷ ከሚናገረው መዝሙር የተወሰደ ነው። በዚህች አገር የሚያድጉ ልጆቻችን ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

ወደ ማሌኬቡ ልመለስ። ዲሌኒ ወደ አሜሪካ ስትመለስ ልጁ አብሯት ለመሄድ ፈለገ፤ ወላጆቹ ግን አልፈቀዱም። እርሱም ጠፍቶ በእግሩ በሞዛምቢክ እስካለው እስከ ቤይራ ወደብ እንደተጓዘና በመርከብ ላይ እየሠራ አሜሪካ እንደደረሰ ይተረካል። በዚያ ተምሮ በ1917 ከሜሃሪ የሕክምና ኮሌጅ በሐኪምነት ተመረቀ፤ ኋላ የማላዊ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነው ሄስቲንግስ ባንዳም ከሃያ ዓመት በኋላ የተመረቀው ከዚያው ኮሌጅ ነው። ኮንጎ የተወለደችውንና በልጅነቷ ወደ አሜሪካ ተወስዳ ስፔልማን የተማረችውን ፍሎራ ዜቶን አገባ። ወደ አገሩ ሊመለስ ሲሞክር የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ከለከለው። በ1926 ግን ተፈቀደለትና ባልና ሚስቱ ቺራድዙሉ ገብተው የተዘጋውን ሚስዮን ከፈቱ፤ ትምህርት ቤቱን አስቀጠሉ፤ ሕሙማንን አከሙ፤ የፈረሰውንም ቤተ ክርስቲያን መልሰው አሠሩ። ለሥራ ወደ ሮዴዥያና ወደ ደቡብ አፍሪካ በሚፈልሱ ማላዊያን አማካይነት ጉባኤዎቹ ከድንበር ውጭ ተስፋፉ።

ዲሌኒ ይህን አላየችም። በ1912 ወደ ላይቤሪያ ሄዳ በሱዌን ሌላ ሚስዮን ከመሠረተች በኋላ በ1922 አርፋለች፤ ተማሪዋ ቺራድዙሉን ከመክፈቱ አራት ዓመት ቀደም ብላ ማለት ነው። ከኒያሳላንድ ከወጣች በኋላ ስለ ቺራድዙሉ የሰማችው ምናልባት ከመልካሙ ይልቅ ክፉው ነው፤ ዐመፁን፣ የሚስዮኑን መዘጋትና የቤተ ክርስቲያኑን መፍረስ። ይህ ነገር ነው በልጆች አገልግሎት ላይ ያለኝን አስተሳሰብ የለወጠው። ዛሬ ለሁለት ሳምንት መጥተው ከልጆች ጋር ዘምረው፣ እጅ ያነሡትን ቆጥረው ሪፖርት ጽፈው የሚመለሱ ቡድኖች አሉ፤ ቅን ልብ ያላቸው ናቸው፣ ልጆቹም ይደሰቱባቸዋል። ነገር ግን የተነሣ እጅ ስለ አንድ ልጅ የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። ዲሌኒ ስፌትና ንባብ እያስተማረች ከልጆቹ ጋር ኖረች፤ አንዱ ልጅ ፊቷን፣ አነጋገሯንና የምታምነውን ነገር አይቶ አህጉር ለማቋረጥ ቆረጠ። እንዲህ ያለውን ነገር ማንም ሊያቅደው አይችልም፤ ማድረግ የሚቻለው አብሮ መኖርና በትጋት ማስተማር ነው።

የልጁ ወላጆች እምቢ ማለታቸውም እንዲሁ አይተወኝም። በሚስዮን ታሪኮች ውስጥ የወላጆች እምቢታ ብዙ ጊዜ እንደ እንቅፋት ይጻፋል። እኔ ግን ልጃቸው የጠፋባቸውን የእነዚያን እናትና አባት ሐዘን ማሰብ አልተውሁም፤ የእኛም መንደሮች ወጣቶቻቸው በሌሊት ወጥተው ወደ ደቡብ ሲሄዱ ያለቀሱ እናቶች የሞሉባቸው ናቸውና። በ2022 በማላዊ፣ ምዚምባ ውስጥ በጅምላ የተቀበሩ የኢትዮጵያውያን ስደተኞች አስከሬን በተገኘ ጊዜ በጉባኤያችን የተለቀሰውን አልረሳውም። ስለዚህ ማሌኬቡን እንደ ጀግና ብቻ አድርጌ ለልጆች ማቅረብ አልፈልግም። ወደዚህ የመጡት አባቶቻቸው መንገዱን ያውቁታል፤ ምን እንዳስከፈላቸውም ያውቃሉ።

በሚቀጥሉት ቅዳሜዎች ታሪኩን ከዲሌኒ የስፌት ክፍል ልጀምርና የ1915ቱን ክፍል ለታላላቆቹ ወጣቶች ብቻ ላቆየው አስቤያለሁ። ከዚያ በፊት ግን ወላጆቹን ሱቃቸው ድረስ እየሄድሁ አነጋግራለሁ፤ የቤይራውን መንገድ ለልጆቻቸው ስነግር አብረውኝ ተቀምጠው የራሳቸውን መንገድ ሊጨምሩበት የሚፈቅዱ አባቶች ይኖሩ እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ።