ታክሲ ውስጥ የጀመረ ወሬ

ዛሬ ዱባይ ውስጥ የተሳፈርኩበት ታክሲ ሾፌር ፓኪስታናዊ ነበር። ለወሬ ያህል ክሪኬት አነሳሁ። ወይ ጣጣዬ! ቤት ገብቼም ስለ ክሪኬት ሳነብ አመሸሁ።

የመጀመሪያው የቴስት ግጥሚያ (በብሔራዊ ቡድኖች መካከል ለቀናት የሚቆየው የክሪኬት ጨዋታ) እ.ኤ.አ. በ1877 ሜልበርን ላይ ተካሄደ። አውስትራሊያ በመጀመሪያው ዙር 245 ራን (የክሪኬት ነጥብ) ስታስቆጥር 165ቱ የቻርልስ ባነርማን ብቻ ነው። ከመቶ 67 እጁ! ያውም ጣቱን ኳስ መትቶት ወጣ እንጂ ገና ይቀጥል ነበር። ይህን ድርሻ እስካሁን የሰበረ የለም። እንግሊዝ ደግሞ ጄምስ ሳውዘርተንን በ49 ዓመቱ አሰለፈች። በዚያ ዕድሜ ቴስት መጀመር!

አውስትራሊያ በ45 ራን አሸነፈች። በ1977 መቶኛ ዓመቱን ለማክበር እዚያው ሲገናኙስ? አሁንም አውስትራሊያ፣ አሁንም በ45።

የሾፌሩን ስልክ አለመቀበሌ ቆጨኝ።