ከሜሪላንድ ታሪክ የጂኦካሺንግ እንቆቅልሽ ስሠራ

ጂኦካሺንግ በጂፒኤስ የሚጫወቱት ድብብቆሽ ነው። አንዱ ሳጥን ደብቆ ያለበትን ነጥብ በጨዋታው ድረ ገጽ ላይ ይለጥፋል፤ ሌላው ስልኩን ይዞ ይሄድና ሳጥኑ ውስጥ ባለው ደብተር ላይ ስሙን ጽፎ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ጨዋታው የተጀመረው በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.)፣ የአሜሪካ መንግሥት የጂፒኤስን ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን ባቆመ ማግስት፣ ኦሪገን ውስጥ ነው። የእንቆቅልሹ ዓይነት ካርታ ላይ በጥያቄ ምልክት ይታያል። የተለጠፈው ነጥብ ለይስሙላ ነው፤ እውነተኛው የሚገኘው ጥያቄዎቹ ሲመለሱ ነው። እኔ የአሜሪካዋን ግዛት የሜሪላንድን ታሪክ መርጬ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ሠራሁት። ሐበሻ የሚበዛበት ከተማ ስለሆነ ጥያቄዎቹን በእንግሊዝኛም በአማርኛም ጻፍኩ።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ጥያቄ ይሰበስብና ቁጥሩ የት እንደሚያደርሰው ያያል። ይህ አካሄድ መንገድ መሀል ወይም ሰው ግቢ ውስጥ ይጥላል። እኔ የተነሳሁት ከሳጥኑ ነው፦ ቦታውን መርጬ፣ በሦስት የተለያዩ ቀናት ነጥቡን ለክቼ፣ አማካዩን ወሰድኩ። ዛፍ ሥር የስልክ ጂፒኤስ ከ5 እስከ 10 ሜትር ስለሚዋዥቅ አንድ ልኬት አይታመንም። የቦታውን የሰሜንና የምዕራብ ዲግሪና ሙሉ ደቂቃ ለፈቺው በግልጽ ሰጥቼ ከደቂቃው አስርዮሽ ነጥብ በኋላ ያሉትን ሦስት ሦስት አሃዞች ብቻ ደበቅኩ። የሰሜኑ 217፣ የምዕራቡ 352 ነው እንበል (የእኔ ሳጥን እዚያ የለም፣ ለማሳያ ነው)።

217ን ከሁለት ዓመቶች አወጣሁት፤ ሃሪየት ተብማን ከባርነት ካመለጠችበት 1849፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ለሲሲል ካልቨርት የግዛቱን ቻርተር (የመመሥረቻ ሰነድ) የሰጠበት 1632 ሲቀነስ። 352 ደግሞ በ1814 ባልቲሞር ባለው ምሽግ በፎርት መክሄንሪ ላይ የተውለበለበው ባንዲራ መስመሮች (15) በግዛቱ ካውንቲዎች (የግዛቱ የአስተዳደር ክፍሎች) ቁጥር (23) ተባዝተው፣ ሜሪላንድ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት በማጽደቅ ስንተኛ እንደነበረች (7ኛ) ሲደመርበት የሚመጣ ነው።

እዚህ ላይ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ዋናው የሚጀምረው ግን አሁን ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሰው ሊሰጥ የሚችለውን የተሳሳተ መልስ ጽፌ የት እንደሚያደርሰው አሰላሁ። የደቂቃ አንድ ሺኛ ወደ ሰሜን 1.85 ሜትር፣ በሜሪላንድ ኬክሮስ ወደ ምዕራብ 1.44 ሜትር ገደማ ነው። አንዱ የቻርተሩን ዓመት ሰፋሪዎቹ ከደረሱበት 1634 ጋር ቢያምታታ 215 ያገኛል፤ ከ4 ሜትር ያነሰ ስሕተት ስለሆነ በተሳሳተ መልስም ሳጥኑን ያገኛል። ባንዲራው እንደዛሬው 13 መስመር አለው ያለ ሰው 306 ላይ ይደርሳል፤ 66 ሜትር ርቆ ምንም ስለማያይ ወዲያው ይጠረጥራል። ከሁሉም የከፋው የካውንቲው ጥያቄ ነው። ባልቲሞር ከየትኛውም ካውንቲ ውጭ ራሷን የቻለች ከተማ ስለሆነች አንዳንድ ዝርዝሮች 24 ብለው ይቆጥራሉ፤ ውጤቱ 367 ይሆናል፣ 22 ሜትር ፈቀቅ ይላል። ፈላጊው “ደርሻለሁ” ብሎ አምኖ ቁጥቋጦውን ሁሉ እየረገጠ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ከ10 ሜትር በታች ያለ ስሕተት ማንንም አይጎዳም፤ ከ60 በላይ የሆነው ራሱን ያጋልጣል፤ መሀል ላይ ያለው ነው ሰውንም መናፈሻውንም የሚያበላሸው። ስለዚህ ጥያቄው ላይ “ባልቲሞር ከተማን ሳይጨምር” የሚል ጨመርኩ። የተሳሳተው መልስ የግለሰብ ግቢ ላይ የሚጥል ቢሆን ኖሮ ጥያቄውን ራሱን እጥለው ነበር።

ማባዛት ስሕተትን እንደሚያሳድግ ልብ በሉ። የመጨረሻው “ስንተኛ” የሚለው ጥያቄ በመደመር ብቻ ስለገባ፣ ከመጀመሪያዎቹ 13 የአሜሪካ ግዛቶች ማንኛውም ተራ ቢገመት የሚያርቀው ከ9 ሜትር አይበልጥም። ለጌጥ የተቀመጠ ነው ማለት ይቻላል።

ከባድ ጥያቄና አሻሚ ጥያቄ አንድ አይደሉም። “በሜሪላንድ ባርነት በሕግ የቀረው በስንት ዓመት ነው?” ከባድ ነው፤ ብዙዎች የሊንከንን አዋጅ አስበው 1863፣ ወይም የሕገ መንግሥቱን 13ኛ ማሻሻያ አስበው 1865 ይላሉ። አዋጁ ግን ያመፁትን ግዛቶች እንጂ ሜሪላንድን አልነካም፤ ግዛቱ በራሱ አዲስ ሕገ መንግሥት ባርነትን ያስቀረው በኖቬምበር 1864 ነው። ላገላበጠ ሰው አንድ መልስ ብቻ አለው፣ ደግሞም ይማርበታል። የተብማን የልደት ዓመት ግን አሻሚ ነው፤ አንዱ ጽሑፍ 1820፣ ሌላው 1822 ይላል። ከባርነት አምልጦ ጸረ ባርነት ታጋይ የሆነው የፍሬድሪክ ዳግላስም እንዲሁ፤ እሱ ራሱ 1817 መስሎት ኖሯል፣ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን 1818 ይላሉ። የባልቲሞርና ኦሃዮ ምድር ባቡር “መቼ ተጀመረ?” ቢባል ቻርተሩ 1827፣ የመሠረት ድንጋዩ 1828፣ የመንገደኛ አገልግሎቱ 1830 ነው። የፎርት መክሄንሪ ባንዲራ ርዝመትም ወጥመድ ነው፤ ሲሰፋ 42 ጫማ ነበር፣ ለማስታወሻ እየተባለ ስለተቆረጠ ዛሬ 34 ነው። እነዚህን ሁሉ ጣልኳቸው።

“የግዛቱ መዝሙር” ዓይነት ጥያቄም አይበረክትም። በ1939 የጸደቀው መዝሙር በ2021 ተሽሯል። የግዛት ምልክት ሲጠየቅ “በዚህ ዓመት የጸደቀው” ብሎ በዓመት ማሰር ይሻላል፤ ለምሳሌ በ1962 የግዛቱ ስፖርት የተባለው የፈረስ ላይ የጦር ውድድር።

የአማርኛው ጽሑፍ የራሱ ጣጣ ነበረው። በየዓመቱ አጠገብ እ.ኤ.አ. ካልተባለ፣ ቤት ያሉ ወላጆች በደግነት ሰባት ወይም ስምንት ይቀንሱለታል። ለእንግሊዝኛ አንባቢም ቢሆን ከ1752 በፊት ያሉ ቀኖች አደገኛ ናቸው፤ እንግሊዞችና ቅኝ ግዛቶቻቸው እስከዚያ ድረስ በጁልያን አቆጣጠር ይሄዱ ነበር፣ አዲስ ዓመታቸውም ማርች 25 ነበር። ስለዚህ ከጃንዋሪ እስከ ማርች 24 የተፈጸመ ነገር በሁለት የተለያዩ ዓመቶች ተጽፎ ይገኛል። ቻርተሩ የተሰጠው በጁን ስለሆነ ተርፌያለሁ።

ማረጋገጫ ሁለት አደረግኩ። አንደኛው የአሃዞች ድምር ነው፦ 2+1+7 እና 3+5+2፣ በጠቅላላው 20። 215ንም፣ 306ንም፣ 367ንም ይይዛል። ሆኖም 217ን 271 ብሎ ያገላበጠን አይይዝም፤ ሁለቱም ጎን 10 ስለሆኑ ሰሜኑንና ምዕራቡን ያቀያየረም ያልፋል። ስለዚህ ነጥቡን ሲያስገቡበት ትክክል ወይም ስሕተት የሚለውን የድረ ገጹን ማረጋገጫም ከፈትኩ። የአጻጻፍ ቅርጹንም ገለጽኩ። 59.217 ደቂቃን 59 ደቂቃ ከ21.7 ሰከንድ ብሎ ያነበበ ሰው 270 ሜትር ገደማ ይስታል፤ ትክክለኛው 13 ሰከንድ ነው።

ደንቡ ጥቂት ነው ግን አያላላም። ሳጥኑ ከተለጠፈው ነጥብ ከ3.2 ኪሎ ሜትር መራቅ የለበትም፤ ከሌላ ሰው ሳጥን ቢያንስ 161 ሜትር መራቅ አለበት። የሌሎች እንቆቅልሾች እውነተኛ ቦታ ካርታ ላይ ስለማይታይ፣ ጥያቄ ማዘጋጀት ከመጀመሬ በፊት ነጥቡን አዲስ ሳጥን ለሚያጸድቀው የድረ ገጹ ገምጋሚ ልኬ ነፃ መሆኑን አረጋገጥኩ። ይህን ያላደረገ ሰው ሒሳቡን ሁሉ እንደገና ይሠራል። መሬት መቆፈር ክልክል ነው። ፎርት መክሄንሪንና የአንቲተምን የጦር ሜዳ የመሰሉ የብሔራዊ ፓርክ ቦታዎች ላይ ሳጥን በአብዛኛው አይፈቀድም፤ ስለዚህ በጥያቄ ውስጥ ብቻ አስገባኋቸው። የእኔን ያስቀመጥኩት ከመናፈሻው አስተዳደር በጽሑፍ ፈቃድ ወስጄ ነው።

ሳጥኑ የጎማ ማኅተም ያለው የጥይት ሣጥን ነው፤ ውጩ ላይ የጂኦካሺንግ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አለው፣ ፖሊስ እንዳይደነግጥ። የሜሪላንድ በጋ ወበቅ ስለሆነ ደብተሩን በሁለት ዚፕ ከረጢት ከተትኩት። እስክሪብቶ በክረምቱ ብርድ አይጽፍም፣ እርሳስ ይሻላል። ምግብ ነክ ነገር በፍጹም፤ ራኩን የሚባለው የዱር እንስሳ ያሸተዋል።

የመጨረሻው ነገር ፍንጩ ነው። በእኛ እንቆቅልሽ ያቃተው ሰው “አገር ስጠኝ” ይባልና አገር ሰጥቶ ይገላገላል፤ እዚህ ያቃተው የሚከፍተው ፍንጭ ነው። ድረ ገጹ ፍንጩን የሚሸፍነው እያንዳንዱን የላቲን ፊደል 13 ቦታ እያሻገረ ነው። የግዕዝ ፊደል ላይ አይሠራም፤ በአማርኛ የጻፍኩት ፍንጭ እንዳለ ገሃድ ወጥቶ ይታይ ነበር። አሁን የአማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የምጽፈው።