የእማዬ እንባ

እማዬ ለቅሶ ቤት ስትገባ ትከበራለች። ገና ሳትቀመጥ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። «የሰው ሐዘን የሚገባት ሴት!» ይሏታል። እሷም አታስተባብልም።

እውነቱ ሌላ ነው። የምታነባው ዓይኗ ስለደረቀ ነው። ዶክተሯ ይህን ስትነግረኝ የቀለደች መስሎኝ ነበር። ዓይን ሲደርቅ ይቆጠቁጣል፤ ሲቆጠቁጥ ደግሞ እንባ ባንዴ ይለቃል። ይሄኛው እንባ ውሃ ብቻ ስለሚበዛበት ዓይን ላይ አይቆይም። ጉንጭ ላይ ይወርዳል፣ ዓይኑ እንደደረቀ ይቀራል።

ነገሩ የመጣው እጇን ከሚያንቀጠቅጣት የአንጎል በሽታ፣ ከፓርኪንሰኑ ነው። ጤነኛ ሰው በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፣ ሳያስበው። በሽታው አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን፣ እንቅስቃሴን የሚያግዝ ኬሚካል የሚያመነጩትን ሕዋሳት ሲጎዳ መርገብገቡም አብሮ ይቀንሳል። እንባን ዓይን ላይ የሚያዳርሰው፣ ከቆቡ ጠርዝም ቅባቱን ጨምቆ የሚያወጣው ደግሞ መርገብገቡ ነው። እኛ ሁላችን እጇ መንቀጥቀጡን ስናይ ዓይኗን ልብ ያለው አልነበረም። እንዲያውም ትክ ብላ ስታይ የተቆጣች ይመስለን ነበር።

ጎረቤት «ትራኮማ ነው» ብላ ቴትራሳይክሊን ቅባት አምጥታላት ነበር። አልፈርድባትም፤ በክልላችን ዓይን ሲታመም መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው።

አሁን ሰው ሠራሽ እንባ እናደርግላታለን። ራሷ ማድረግ አትችልም፤ እጇ ሲንቀጠቀጥ ጠብታው ግንባሯ ላይ ያርፋል። ቀን ላይ ደጋግመን ስለምንጨምርላት እንዳይበላሽ የሚጨመር መከላከያ ኬሚካል የሌለበትን ፈልጉ ተባልን፤ ኬሚካሉ ሲበዛ ራሱ ዓይን ያስቆጣል። ማታ በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ቆቧ ላይ አደርግላታለሁ። ይሄን ትወደዋለች። ለመንቀጥቀጡ የምትወስደው ትራይሄክሲፊኒዲልም አፍና ዓይን ያደርቃል ለካ! ዶክተሯ መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰችው ነው። በራስ ፈቃድ ማቆም ግን አይሞከርም፣ አደጋ አለው።

የከሰዓቱ የጣና ነፋስ ሌላው ጣጣ ነው። እማዬ ሐይቁ ዳር ቡናዋን መጠጣት ትወዳለች፤ ቅሪ ብላት አትሰማኝም። ስለዚህ ጎኑም የተሸፈነ መነጽር አድርጋ፣ ጀርባዋን ለሐይቁ ሰጥታ ትቀመጣለች። ጣና ድረስ ሄዶ መንገደኛ ማየት!

የከበደኝ ቴሌቪዥኑ ነው። ሰው ትኩር ብሎ ሲያይ መርገብገቡ ይበልጥ ይቀንሳል። ድራማዋ ሲጀምር አጠገቧ ሆኜ «እማዬ፣ አርገብግቢ እንጂ» እላታለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ! ልትገድለው እኮ ነው» ትለኛለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።