ማሽኑ አየር ያወጣል እንጂ ፍሪጅ አይሆንም

«እህቴ፣ እዚያ ሥጋ ያለ ፍሪጅ ስድስት ወር የሚያቆይ ማሽን አለ አሉ፤ እስቲ ለእማዬ አንድ ላኪላት።» ውጭ አገር የሚኖር ሐበሻ ስልክ ላይ እንዲህ ያለ መልእክት ብርቅ አይደለም። ጠያቂው በቪዲዮ ያየው የቫኪዩም ማሸጊያ ማሽን አየሩን ስቦ ሲያወጣና ላስቲኩ ሥጋው ላይ ጥብቅ ብሎ ሲለጠፍ ነው። ጥቅሉ ወዲያው ፍሪዘር ውስጥ መግባቱን ግን አላየም። ጥያቄው የዋህ ቢሆንም «እሺ፣ እልካለሁ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አየር ወጥቶለት የታሸገ ጥሬ ሥጋ ውጭ ሲያድር፣ ሳይታሸግ ካደረው ይልቅ ሰው ሊያታልል ይችላል።

ሥጋ ሲበላሽ የሚሸተን በአብዛኛው አየር የሚፈልጉ ባክቴሪያዎች ሥራ ነው። አየሩ ሲወጣ እነሱ ይዳከማሉ፤ ማስጠንቀቂያው ሽታም አብሯቸው ይጠፋል። ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ግን የሚመቸው አየር የሌለበት ቦታ ነው። መርዙ አይሸትም፣ ጣዕምም የለውም። አንዳንዱ ዝርያ ከ3 ዲግሪ ሴልሺየስ ጥቂት ከፍ ባለ ቅዝቃዜ እንኳ ይራባል። ስለዚህ ጥሬ ሥጋና ዓሣ ከታሸጉ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጡት −18 ዲግሪ ላይ ነው። የታሸገ ዓሣ በፍሪጅ ውስጥ ሲቀልጥም ላስቲኩ አስቀድሞ ይቀደድ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርትና ጥሬ እንጉዳይ ደግሞ አየራቸው ወጥቶ መደርደሪያ ላይ ጨርሶ አይቀመጡም።

ታዲያ ማሽኑ ምን ይጠቅማል? ፍሪዘር ላለው ሰው በጣም ይጠቅማል። አምስት ስድስት ሆኖ ቅርጫ የገባ ሰው ድርሻውን በፌስታል ጠቅልሎ ቢያስቀምጥ፣ ከሳምንታት በኋላ የሥጋው ፊት ግራጫ ሆኖ ይደርቃል። በፌስታሉና በሥጋው መካከል ክፍተት ስላለ ውኃው ከሥጋው እየወጣ በረዶ ይሠራል፤ ኦክስጅኑ ደግሞ ስቡን ያበላሻል። ላስቲኩ ሥጋው ላይ ከተለጠፈ ይህ ክፍተት አይኖርም። የታሸገ ቀይ ሥጋ ጠቁሮ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ቢያደላ አትደንግጡ፤ ቀይ ቀለሙን የሚሰጠው ከአየር ጋር ሲገናኝ ነው። ላስቲኩ ተከፍቶ ሩብ ወይም ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ይቀላል። ሲከፈት የሚመጣው የታፈነ ሽታም በደቂቃዎች ውስጥ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ሥጋው ተበላሽቷል፤ ይጣል።

ለቤት የሚሸጡት ማሽኖች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የላስቲኩን አፍ ብቻ ነክሶ አየሩን የሚስበው ቀጭኑ ማሽን ነው። ይህ የሚሠራው ውስጡ ጥልፍ መስመር ባለው ላስቲክ ነው፤ አየሩ የሚወጣው በእነዚያ መስመሮች በኩል ነውና። ልሙጥ ላስቲክ ከተሰጠው አፉ ቀድሞ ይለጠፍና አየሩ ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛው ቻምበር የሚባለው ነው፤ ላስቲኩ በሙሉ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ ገብቶ የሣጥኑ አየር አንድ ላይ ይወጣል። መረቅና ወጥ ሳያፈስ ያሽጋል፣ በልሙጥና በርካሽ ላስቲክ ይሠራል፤ ግን ከባድ ነው፣ ቦታ ይፈጃል፣ አንዳንዱም የፓምፕ ዘይት ይቀየርለታል። ወጥ በቻምበር የሚያሽግ ሰው መጀመሪያ በደንብ ያቀዝቅዘው። አየሩ ሲሳሳ ውኃ በ20 ዲግሪ እንኳ ሊፈላ ስለሚችል ለብ ያለ ወጥ ገንፍሎ ሣጥኑን ይሞላዋል።

ለአብዛኛው ቤተሰብ ቀጭኑ ይበቃል። ሲመረጥ መታየት ያለበት የስፌቱ፣ ማለትም ላስቲኩ ቀልጦ የሚጣበቅበት መስመር ስፋት፣ መለዋወጫ ጎማ መገኘቱና በእጅ የሚታዘዝ ማሸጊያ ቁልፍ መኖሩ ነው። ስፌቱ ሁለት ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ ትንሽ ሽብሽብ ያሾልከዋል፤ ሰፋ ያለ ወይም ድርብ የሚሰፋ ይሻላል። በአንድና በሁለት ላስቲክ መካከል ማሽኑ ደቂቃ ያህል ይረፍ፤ አለዚያ ማሞቂያ ሽቦው ከልክ በላይ ይግልና ስፌቱን አቅልጦ ይበጥሰዋል። ደግሞ ወጪው ማሽኑ ላይ አያበቃም፤ ዓመት ሙሉ የሚገዛው ላስቲክ ነው። ናይለንና ፖሊኤትሊን የተደራረቡበትን ግዙ፤ ናይለኑ ኦክስጅን ይከላከላል፣ ፖሊኤትሊኑ ቀልጦ ይጣበቃል። ተራ ፌስታል ቢጣበቅ እንኳ አየር ያሳልፋል።

አሁን ወደ ዋናው ውርደት። ከአሜሪካ ወይም ከካናዳ የተላከ ማሽን አገር ቤት ደርሶ፣ ቤተሰብና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሥጋው ተቆራርጦ፣ ስፒናው ሲሰካ ጢስ ይወጣል። ማሽኑ ለ120 ቮልት ነው የተሠራው፤ ኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው። ሰው የሚሳሳተው በስልክ ቻርጀር ምክንያት ነው፤ ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ሁሉም ዕቃ እንደዚያ ይመስለዋል። አሥር ብር የማያወጣ የምትመስለው የስፒና መቀየሪያም የምትለውጠው ቅርጹን ብቻ ነው፤ ቮልቱን አትነካም። በ120 የሚሠራ ማሞቂያ ሽቦ 220 ሲገባበት የሚያመነጨው ሙቀት ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። መጀመሪያ ሽቦውን የሚሸፍነው ቴፍሎን ይጠቁራል፣ ከዚያ ሽቦው ይበጠሳል። ላኪው ተሳቀቀ፣ ተቀባዩ አፈረ፣ ማሽኑም ቁም ሣጥን ላይ ወጣ። ሣጥኑን ሳይሆን ማሽኑን ገልብጡና ከሥር የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ ካለ አትላኩት። የግድ ከሆነ 220ን ወደ 120 የሚያወርድ፣ የማሽኑን ዋት እጥፍ የሚችል ትራንስፎርመር አብሮ ይላክ፤ ማሽኑ 110 ዋት ከሆነ ትራንስፎርመሩ ቢያንስ 220 ዋት። ጀርመን፣ ስዊድን ወይም ጣሊያን ያለ ዘመድ ካላችሁ እሱ ይግዛ፤ የእነሱ 230 ቮልት አገር ቤት ይሠራል፣ ስፒናውም ክብ ነው። ከእንግሊዝና ከኤምሬትስ የሚመጣውም በቮልት ይስማማል፤ የሚቀየርለት ስፒናው ብቻ ነው።

ቮልቱ ተስተካክሎ እንኳ ሌላ ማንም የማይናገረው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በባሕር ዳርቻ የአየር ግፊቱ 101 ኪሎፓስካል ያህል ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ወደ 77 ይወርዳል። ማንኛውም ፓምፕ ደግሞ በዙሪያው ካለው ግፊት በላይ መሳብ አይችልም። ሣጥኑ ላይ 80 ኪሎፓስካል እስባለሁ ያለው ማሽን አዲስ አበባ ላይ 80 መድረስ በተፈጥሮ አይቻለውም። አንዳንዱ ማሽን የተወሰነለት ግፊት ላይ ሲደርስ ብቻ ወደ ማሸግ እንዲያልፍ ስለተሠራ፣ እዚያ ሲሄድ ፓምፑ ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ ግሎ ይቆማል። «ሰባራ ነው የተላከልን» ይባላል። ማሽኑ አልተሰበረም። በእጅ የሚታዘዘው ማሸጊያ ቁልፍ የሚፈለገው ለዚህ ነው፤ ላስቲኩ ሥጋው ላይ ሲለጠፍ በዓይን አይቶ ቁልፉን መጫን ነው።

ሲታሸግ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አፉ ላይ ነው። ላስቲኩ ከመሞላቱ በፊት አፉ እንደ እጅጌ አምስት ሴንቲሜትር ወደ ውጭ ይታጠፍ፣ ስብና ደም እንዳይነካው። ከምግቡ እስከ ስፌቱ ሰባት ስምንት ሴንቲሜትር ባዶ ይቅር። ደም የሚያንጠባጥብ ሥጋ መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ይጠንክር። ሹል አጥንት በወፍራም ወረቀት ካልተጠቀለለ ላስቲኩን ይበሳል፤ ቀዳዳዋ በዓይን አትታይም። በርበሬና ሽሮ ደግሞ ብናኛቸው ስፌቱ ላይ ያርፋል፣ ፓምፑም ውስጥ ይገባል፤ መጀመሪያ በወረቀት ከረጢት ይግቡና ከነከረጢቱ ላስቲክ ውስጥ ይታሸጉ።

አዲስ ማሽን በውድ ሥጋ አይሞከርም። አንድ እፍኝ ደረቅ ባቄላ አሽጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አሳድሩት። ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ከጠበቃችሁ ደህና ነው፤ ስታነሡት ከተንሿሿ ውኃ ውስጥ ንከሩትና ጨመቅ አድርጉት። አረፋው የሚወጣበት ቦታ ችግሩን ይናገራል፦ ከስፌቱ ከሆነ ሽብሽብ ወይም እርጥበት ነው፣ ከጎን ከሆነ ላስቲኩ ነው።

ወደ ውጭ አገር ለመውጣት የምታስቡ ደግሞ ይህን ያዙ። አዲስ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቤት የሚጋራው ከሦስት አራት ሰው ጋር ነው፤ ከፍሪዘሩ የሚደርሰውም ምናልባት አንድ መሳቢያ ነው። የራሳችሁ የፍሪዘር ቦታ ሳይኖራችሁ ማሽን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። መጀመሪያ መሳቢያችሁን ለኩ፣ ጥቅሎቹን በአንድ ምግብ መጠን ከፋፍሉ፣ በጣት ውፍረት ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አሽጉ። እንደ መጽሐፍ ይደረደራሉ፣ ቶሎም ይቀልጣሉ። ቀኑንም ከማሸጋችሁ በፊት ላስቲኩ ላይ ጻፉ፤ ከበረዶ በኋላ እስክሪብቶ አይይዝም።

ወደ ቤተሰብ የምትልኩ ከሆነ ክዳኑ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ለጥፉበት፦ ስንት ቮልት እንደሆነ፣ የትኛው ቁልፍ በእጅ እንደሚያሽግ፣ መብራት ከጠፋና ሥጋው ቀልጦ ከሞቀ ላስቲኩ ጥብቅ ብሎ ቢታይም እንደማይበላ።