በፖቶማክ ዳር፦ ግሌን ኤኮ የተባለችው ትንሽ ከተማ

ከቤተስዳ የባቡር ጣቢያ ወደ ፖቶማክ ወንዝ አቅጣጫ የሚወርደው የሞንትጎመሪ ካውንቲ (በሜሪላንድ ግዛት ያለ የአውራጃ አስተዳደር) አውቶቡስ የጉዞ ክፍያ አይጠይቅም፤ ካውንቲው ራይድ ኦን በተባለው አገልግሎቱ ላይ የነበረውን ታሪፍ በ2025 አጋማሽ ሙሉ በሙሉ አንስቶታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። መድረሻዬ ግሌን ኤኮ ነበረች፤ ነዋሪዎቿ 300 እንኳ የማይሞሉ፣ ሆኖም የራሷ ከንቲባና ምክር ቤት ያላት የሜሪላንድ ከተማ። ለዋሽንግተን በጣም ቅርብ ብትሆንም መንገዶቿ ጠባብና ጥላማ ናቸው፤ ስማቸውም ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን ይባላል፤ በ1891 መሥራቾቿ የትምህርትና የኪነ ጥበብ መናኸሪያ ሊያደርጓት አስበው ነበርና።

ማዘጋጃ ቤቷና ፖስታ ቤቷ የሚገኙት በአንድ ሕንፃ ውስጥ ነው። ከተማዋ በራሷ የምትይዘው በደጃፏ ያሉ የቅርብ ጉዳዮችን ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱንና ፖሊሱን ካውንቲው፣ የቧንቧ ውኃውንና ፍሳሹን ደግሞ በ1918 የተቋቋመው የአካባቢው የውኃ ኮሚሽን ያቀርባል። ትንሽ ማኅበረሰብ ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውን ከሰፊው ጎረቤቱ ጋር መጋራቱ፣ የቅርቡን ግን ራሱ መወሰኑ ብልህ አደረጃጀት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አውቶቡሱ የሚሄድበት ማክአርተር ጎዳና ራሱ የተሠራው በፖቶማክ ወንዝ ላይ ካለው ታላቁ ፏፏቴ (ግሬት ፎልስ) ለዋሽንግተን የመጠጥ ውኃ በሚወስደው አሮጌ መስመር ላይ ነው። ከከተማዋ ጥቂት አልፎ በካቢን ጆን ጅረት ላይ የተዘረጋው የድንጋይ ድልድይ በአንድ ቅስት 67 ሜትር ያህል ይሻገራል፤ ከ1860ዎቹ እስከ 1903 ድረስ በዓለም ረጅሙ የድንጋይ ቅስት ነበር። ከላዩ መኪና፣ ከውስጡ ውኃ ያልፋል።

በቦታው ረጅም ጊዜ ያሳለፍኩት ግን በግሌን ኤኮ ፓርክ ነው። ፓርኩ ለአሥርት ዓመታት የግል መዝናኛ ሲሆን፣ የሚገባበትም ነጭ ብቻ ነበር። ሰኔ 30 ቀን 1960 ጥቁር ተማሪዎች ልጆች ተቀምጠው በሚዞሩባቸው የእንጨት ፈረሶች (ካሩሰል) ላይ ተቀምጠው አንወርድም በማለታቸው አምስቱ ታሰሩ፤ በአቅራቢያው ያለችው የባኖክበርን ሰፈር ነዋሪዎችም ከእነርሱ ጋር ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ። በሚቀጥለው ዓመት በሩ ለሁሉ ተከፈተ። እኔ ይህን ታሪክ ከአውቶቡሱና ከቧንቧው ለይቼ ማየት አልችልም፤ መናፈሻና መዋኛ ገንዳ ለአንዳንዱ ብቻ ከሆነ የሕዝብ አገልግሎት ሊባል አይገባውምና፣ ያንን በር ያስከፈቱት ሰዎች ለዛሬው ጎብኚ ሁሉ ባለውለታ ናቸው።

መዝናኛው በ1968 ሲዘጋ በ1921 የተሠሩት ፈረሶች ተሸጠው ሊወሰዱ ነበር። የከተማዋ ምክር ቤት አባል ናንሲ ሎንግ ጎረቤቶቿን አስተባብራ 80,000 ዶላር ያህል አሰባሰበችና መልሰው ገዟቸው። መሬቱን በ1971 የፌዴራሉ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ተረከበ፤ ዛሬ በግቢው የዳንስ አዳራሽ፣ የሥዕልና የሸክላ ሥራ ትምህርት፣ የሕፃናት ቲያትር አለ። የአሜሪካ ቀይ መስቀል መሥራች ክላራ ባርተን በ1912 ያረፈችበት ቤትም ከአጠገቡ ነው።

ወደ ወንዙ መውረድ ለሚሻ ማስጠንቀቅ ያለብኝ ነገር አለ፤ በመካከል ፈጣን የመኪና መንገድ ስላለ፣ የሚሻገሩበትን ስፍራ አስቀድሞ በካርታ ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ ማዶ ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 297 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው የአሮጌው የጀልባ ቦይ የእግር መንገድ ይገኛል። በአካባቢው ለሚኖሩ ወገኖቼ የምመክረው ፈረሶቹ በሚዞሩበት ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ወቅት ልጆቻቸውን ይዘው እንዲሄዱ ነው፤ ወደ ፓርኩ መግቢያም ሆነ ለመኪና ማቆሚያ የሚከፈል ገንዘብ የለም።